ጫጉላ በአልፕስ ሐይቆች ዳር

በአባቶቻችን ዘመን ጫጉላ ማለት ቤት ነበር እንጂ መንገድ አልነበረም። ሙሽሮቹ ከሠርጉ ግርግር በኋላ ከሰው ዐይን ጥቂት ተለይተው የሚሰነብቱበት፥ ሚዜዎች ደጁን የሚጠብቁበትና የሚያገለግሉበት ስፍራ ጫጉላ ቤት ይባል ነበር። በዛሬው ዘመን ግን ቤቱ መንገድ ሆኖ፥ የጫጉላ ሽርሽር የሚባል ልማድ በከተማ ልጆቻችንና በውጭ አገር በሚኖሩት ዘንድ ተስፋፍቷል። እኛም ነገሩ በራሱ የሚነቀፍ ሆኖ አላገኘነውም። የእግዚአብሔርን የእጅ ሥራ በተራራና በውኃ ላይ ማየት ለሁለት አዲስ ተጋቢዎች መልካም መጀመሪያ ሊሆን ይችላል። ሆኖም ስሙ ከጫጉላ ቤት እንደ ተወሰደ ሁሉ፥ ቁም ነገሩም ከዚያው ሊወሰድ ይገባዋል፤ ይኸውም ብዙ አገር ማየት ሳይሆን፥ ሁለት ሰዎች ተረጋግተው እርስ በርሳቸው መተያየታቸው ነው።

ይህን ያስጀመረን ከጀርመን አገር ከሙኒክ ከተማ የደረሰን የአንዲት እጮኛ ደብዳቤ ነው። ሥርዓተ ተክሊላቸው በ2019 ዓ.ም. ግንቦት 22 ቀን እሑድ ሊፈጸም ተወስኗል። ከሠርጉ በኋላ ዐሥር ቀን ዕረፍት አላቸው። እጮኛዋ ሰማዩ በጠራ ጊዜ ከከተማው ሆኖ በሩቅ የሚያያቸውን የአልፕስ ተራሮች ለማየት ብዙ ዓመት ተመኝቶ ኖሯልና፥ የጉዞውን ዝርዝር ብቻውን አዘጋጅቶ አቅርቦላታል። በዝርዝሩም ላይ ጀኔቭ፥ ዘርማት፥ ኢንተርላከን፥ ሉሴርን፥ ሳንክት ሞሪትዝ፥ የኮሞ ሐይቅ፥ ሐልሽታትና ብሌድ ተጽፈዋል፤ ስምንት ስፍራ ነው። ገንዘቡ ስለማይበቃም ከባንክ ሊበደር አስቧል። እርስዋ ይህን ሁሉ ስታይ ልብዋ አልወደደውም። አክስትዋ ግን፥ «ከሠርግ በፊት ክርክር አይገባም፤ ዝም በዪ» ብለው መክረዋታል። ጥያቄዋም፥ «ዝም ልበል ወይስ ልናገር?» የሚል ነው።

ልጃችን ሆይ፥ አክስትሽ ሰላምን ወድደው እንደ ተናገሩ አንጠራጠርም፤ ምክራቸውንም ከአክብሮት ጋራ እንቀበላለን። ነገር ግን ክርክር ሌላ ነው፥ ምክክርም ሌላ ነው። ክርክር የሚደረገው ለማሸነፍ ነው፤ ምክክር ግን አንድ ቤት ለመሥራት ነው። ይህ የጉዞ ዕቅድ ለእናንተ የመጀመሪያው የቤት ጉባኤ ነው። ገንዘብ አለበት፥ ጊዜ አለበት፥ ጾምና በዓል አለበት፥ የእርሱ ምኞትና የአንቺ ምኞት አለበት። ነገ ስለ ቤት ኪራይ፥ ስለ ልጅ ትምህርት፥ ስለ ወላጆች ጡረታ የምትመካከሩበት መንገድ ዛሬ በዚህ ትንሽ ጉዳይ ላይ ይጠረጋል። ስለዚህ ተናገሪ እንላለን። ለመናገር የሚረዳሽንም አሳብ ከዚህ በታች በየተራው እናቀርባለን፤ ሁለታችሁ አብራችሁ ብታነቡት የተሻለ ይሆናል።

ከሁሉ አስቀድሞ ቀኑን መቍጠር ነው። በዐሥር ቀን ውስጥ ስምንት ስፍራ ለማየት ሰባት ጊዜ ከስፍራ ወደ ስፍራ መዛወር ግድ ይሆናል። አንዱ መዛወር ዕቃ ማሰሩን፥ ባቡር መጠበቁን፥ መንገዱንና አዲሱን ማደሪያ መፈለጉን ጨምሮ ግማሽ ቀን ይፈጃል ብንል፥ ሦስት ቀን ተኩል በዚሁ ያልቃል። ከሙኒክ መሄጃና ወደ ሙኒክ መመለሻ አንድ ቀን ስንጨምርበት አራት ቀን ተኩል ይሆናል። የሚተርፈው አምስት ቀን ተኩል ለስምንት ሲካፈል፥ ለአንዱ ስፍራ አንድ ሙሉ ቀን እንኳ አይደርሰውም። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚለው የአገራችን ተረት ለዚህ የተነገረ ይመስላል።

መጻሕፍት ቅዱሳትም የአዲስ ተጋቢዎችን ጊዜ እንዴት እንደሚያከብሩ እንመልከት። በኦሪት ዘዳግም አዲስ ሚስት ያገባ ሰው አንድ ዓመት ሙሉ ከዘመቻና ከሌላ ግዳጅ ነጻ ሆኖ በቤቱ እንዲቀመጥና ሚስቱን ደስ እንዲያሰኝ ታዝዟል። በመጽሐፈ ጦቢትም የጦቢያ ሠርግ ዐሥራ አራት ቀን እንደ ተደረገ እናነባለን። ጦቢያ በመንገድ ላይ ያለ እንግዳ ነበር፤ በሌላ አገር የሚቀበለው ገንዘብም ነበረው። ነገር ግን ሙሽራይቱን ትቶ ወይም እርስዋን እያቻኰለ አልሮጠም፤ ገንዘቡን እንዲያመጣለት ባልንጀራውን ልኮ፥ እርሱ በሠርጉ ቤት ቈየ። ቀኑ በተፈጸመ ጊዜ ደግሞ ወላጆቹ ቀን እንደሚቈጥሩ አስቦ ለመመለስ ተነሣ። መቈየትንም መመለስንም በየጊዜው ማወቅ የጨዋ ሙሽራ ጠባይ ነው።

አሁን ወደ ምድሩ ጠባይ እንግባ። የአልፕስ ተራሮች ከፈረንሳይ ተነሥተው በስዊዘርላንድ፥ በኢጣልያ፥ በኦስትርያና በጀርመን በኩል እስከ ስሎቬንያ ድረስ እንደ ቀስት ጐብጠው የተዘረጉ ናቸው። ልጆቻችን ስለ ከፍታቸው ሲሰሙ አየሩ ያስቸግረናል ብለው ይፈራሉ፤ ነገር ግን ሰው የሚኖርባቸው መንደሮች ከእኛ ደጋ ዝቅ ያሉ ናቸው። በሰፊው የሚወራላት ዘርማት 1,608 ሜትር ላይ ናት። በስዊዘርላንድ ሰው ክረምት ከበጋ ከሚኖርባቸው መንደሮች ሁሉ ከፍተኛዋ ዩፍ 2,126 ሜትር ላይ ስትሆን፥ አዲስ አበባ ግን ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ዝነኛው የማተርሆርን ተራራ 4,478 ሜትር ሲሆን፥ የእኛው ራስ ዳሽን ከ4,500 ሜትር ይበልጣል። በዚያ በረዶ የሚበዛው ከምድር ወገብ ስለሚርቁ ነው። ስለዚህ ፍርሃቱ ቀርቶ ልብስ ይታሰብ፤ በየ1,000 ሜትሩ ሲወጡ ብርዱ በ6 ዲግሪ ያህል ይጨምራልና፥ በሰኔም ቢሆን ወፍራም ሹራብና የዝናብ ካፖርት ያስፈልጋል።

ሐይቆቹን በተመለከተ አንድ ነገር እንድታስተውሉ እንወዳለን። የጣና ሐይቃችን ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ጥልቀቱ ግን 14 ሜትር ያህል ነው። በስዊዘርላንድ ያለው የብሪየንዝ ሐይቅ በአንጻሩ ስፋቱ 30 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ሆኖ፥ ጥልቀቱ ወደ 260 ሜትር ይደርሳል። ይህም የሆነው በጥንት ዘመን የወረደው ታላቅ የበረዶ ግግር ሸለቆውን ቦርቡሮ ስላጐደጐደው ነው። ውኃው አረንጓዴና ሰማያዊ ተደባልቆበት የሚታየው ደግሞ፥ የበረዶው ግግር ዐለቱን ፈጭቶ እንደ ዱቄት ያደቀቀው ትቢያ በውኃው ውስጥ ስለሚንሳፈፍና ብርሃኑን ስለሚመልሰው ነው። እንዲህ ያለውን ሐይቅ በባቡር መስኮት አይቶ ማለፍ ቀለሙን ማየት ብቻ ነው፤ ጧት፥ ቀትርና ማታ እንዴት እንደሚለዋወጥ ለማየት ግን በዳሩ ማደር ያስፈልጋል።

እንግዲህ ከስምንቱ ስፍራ ይልቅ ሁለት ስፍራ ምረጡ፤ አንዱ የሐይቅ ዳር፥ ሁለተኛው የተራራ መንደር ይሁን፤ በእያንዳንዱም አራት አራት ሌሊት እደሩ። ለዚህ ሁለት መንገድ እናመለክታለን።

የመጀመሪያው በስዊዘርላንድ የበርን ደጋ ነው። አራት ሌሊት በብሪየንዝ ሐይቅ ዳር፥ አራት ሌሊት ደግሞ ከላውተርብሩነን ሸለቆ በላይ በቬንገን ወይም በሙረን መንደር ማደር ይቻላል። ወደነዚህ ሁለት መንደሮች እንግዳ በመኪና አይገባም፤ ቬንገን በጥርሳም ሐዲድ በሚወጣ ባቡር፥ ሙረን በገመድ በሚሳብ ተንጠልጣይ ሠረገላ ይደረሳል። ስለዚህም ጸጥታቸው የተጠበቀ ነው። በላውተርብሩነን ሸለቆ ሽታውባኽ የሚባለው ፏፏቴ ወደ 300 ሜትር ከሚጠጋ ገደል ይወርዳል፤ በግንቦት መጨረሻና በሰኔ መጀመሪያ በረዶው ስለሚቀልጥ ውኃው ይሞላል። በዚሁ ወራት ከብቶቹ ወደ ላይኛው ግጦሽ መውጣት ይጀምራሉና የአንገታቸው ደወል በተራራው ላይ ይሰማል። ከቬንገን በላይ እስከ ዩንግፍራውዮኽ ድረስ 3,454 ሜትር ላይ የሚወጣ ባቡር አለ፤ ከ1896 እስከ 1912 በአውሮፓ አቈጣጠር ዐለቱን እየፈለፈሉ የሠሩት ነው። ዋጋው ውድ ስለሆነ ሰማዩ በጠራ ቀን ብቻ መሄድ ይገባል። ይህ ከፍታ ከአዲስ አበባም በብዙ ስለሚበልጥ፥ በዚያ ቀስ ብሎ መራመድ እንጂ መሮጥ አይገባም።

ሁለተኛው መንገድ በስሎቬንያ ነው፤ ከሙኒክ በሳልዝቡርግና በፊላኽ በኩል ይኬዳል። አራት ሌሊት በብሌድ፥ አራት ሌሊት ደግሞ በትሪግላቭ ተራራ ግርጌ ባለው በቦሒን ሐይቅ አጠገብ ካሉት መንደሮች በአንዱ ይታደራል። የብሌድ ሐይቅ ትንሽ ነው፤ ዙሪያውን 6 ኪሎ ሜትር ያህል በእግር መዞር ይቻላል። በመካከሉ ያለችው ደሴት የእመቤታችን የፍልሰትዋ መታሰቢያ ቤተ ክርስቲያን አለባት። የጣናን ደሴቶች ገዳማት የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ታንኳ ላይ ተቀምጦ ወደዚያች ደሴት ሲጠጋ ልቡ ወደ አገሩ መመለሱ አይቀርም። ቦሒን ደግሞ ከብሌድ ይልቅ ሰፊና ጸጥተኛ ነው። በስዊዘርላንድ መገበያያው ፍራንክ ሲሆን ኑሮውም ከአውሮፓ አገሮች ሁሉ እጅግ ውድ ከሚባሉት ነው፤ ስሎቬንያ ግን ከ2007 ጀምሮ በዩሮ የምትገበያይ ስትሆን፥ ማደሪያውም ምግቡም በብዙ ይቀላል።

ከዝርዝሩ የወጡት ስፍራዎች ጠፉ ማለት አይደለም፤ ለጋብቻችሁ መታሰቢያ ዓመታት ይቈዩአችኋል። ጀኔቭን ለምሳሌ ያህል ልጆች ወልዳችሁ ብታዩዋት የበለጠ ትናገራለች፤ በ1928 ዓ.ም. ሰኔ 23 ቀን ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ስለ አገራቸው የተናገሩባት ከተማ ናትና። ከጀኔቭ ሐይቅ በስተ ምሥራቅ በሮን ወንዝ ሸለቆ ያለው የቅዱስ ሞሪስ ገዳምም በ515 በአውሮፓ አቈጣጠር የተመሠረተ ነው። ትውፊቱ እንደሚለው ቅዱስ ሞሪስና ጓደኞቹ ከላይኛው ግብፅ ከቴባይድ የመጡ ክርስቲያን ወታደሮች ነበሩ፤ በዚያ ሸለቆ ስለ ሃይማኖታቸው ተሠዉ። የሳንክት ሞሪትዝ ከተማ ስምም ከእርሱ የመጣ ነው። የአፍሪካ ሰማዕታት ስም በአልፕስ ተራሮች መካከል ዛሬም መጠራቱ ለልጆች የሚነገር ታሪክ ነው። ሐልሽታት ግን ሌላ ምክር ይፈልጋል። ነዋሪዎቹ ከ800 የማይበልጡ ትንሽ መንደር ሆና ሳለ ጐብኝው ስለበዛባት፥ በ2023 ነዋሪዎቹ ተሰብስበው ተቃውሞአቸውን አሰምተዋል። ወደ ማናቸውም የተራራ መንደር ስንሄድ የሰው ደጅ እንጂ የቲያትር መድረክ እንዳልሆነ እናስብ። በመንደሩ ማደር፥ ከመንደሩ ዳቦ መግዛት፥ ለሚያገኙት ሽማግሌ ሰላምታ መስጠት የእንግዳ ወግ ነው።

ስለ ገንዘብ ግልጥ አድርገን እንናገራለን። ለጫጉላ አትበደሩ። በሽታና ችግር ያስበደሩት ሰው ምክንያት አለው፤ ለሽርሽር የተበደረ ግን ደስታው በዐሥር ቀን ሲያልቅ ወለዱ ከእርሱ ጋራ ወደ ቤት ይገባል። በጀርመን ሕግ የቤት አከራይ እስከ ሦስት ወር ኪራይ የሚደርስ መያዣ ሊጠይቅ ይችላል፤ ከሠርግ በኋላ ሰፋ ያለ ቤት የምትፈልጉ ከሆነ ይህ ገንዘብ ከማናቸውም ተራራ ይቀድማል። ከሠርጉ ስጦታ እንከፍላለን ማለትም በሰው ኪስ ባለ ገንዘብ መተማመን ነው። ስለዚህ በእጃችሁ ያለውን ብቻ በአራት ክፈሉ፤ አንዱ ለመንገድ፥ አንዱ ለማደሪያ፥ አንዱ ለምግብና ለጉብኝት፥ አራተኛው ለድንገተኛ ነገር ይሁን። አራተኛው ሳይነካ ቢመለስ የቤታችሁ የመጀመሪያ ቍጠባ ይሆናል። በአንድ ማደሪያ ብዙ ሌሊት የሚያድር ሰውም ወጥ ቤት ያለበትን ክፍል ተከራይቶ ራሱ ሊያበስል ስለሚችል ብዙ ይተርፈዋል።

ስለ ጾም ደግሞ ቀኑን ያየ ሰው ዕረፍት ያገኛል። በ2019 ዓ.ም. ትንሣኤ ሚያዝያ 24 ቀን፥ ጰራቅሊጦስ ደግሞ ሰኔ 13 ቀን ይውላል። ጉዞአችሁ በበዓለ ሃምሳ ውስጥ ስለሚፈጸም ረቡዕና ዓርብም ጾም የለባችሁም፤ ቅቤና አይብ በሞላበት በዚያ አገር ይህ ትልቅ ቅለት ነው። ሰኔ 14 ቀን ሰኞ ግን ጾመ ሐዋርያት ይገባል። በሌላ ጊዜ የሚሄዱ አንባቢዎቻችን ይህን አስቀድመው ይመልከቱ፤ በነሐሴ መጀመሪያ የሚሄዱት ጾመ ፍልሰታ ያገኛቸዋልና፥ ድንቹም ሾርባውም ያለ ቅቤ፥ ያለ ወተትና ያለ ሥጋ እንዲሠራላቸው በግልጥ ይጠይቁ። እሑድን በሚመለከት፥ በጀርመንና በስዊዘርላንድ ትላልቅ ከተሞች የእኛ ቤተ ክርስቲያን ምእመናን በቅዳሴ ይሰበሰባሉ፤ በተራራ መንደር እሑድ ቢደርስባችሁ ግን ውዳሴ ማርያማችሁንና መዝሙረ ዳዊታችሁን ከሻንጣ አውጥታችሁ አብራችሁ ጸልዩ።

ወረቀትንም ችላ አትበሉ። በጀርመን የመኖሪያ ፈቃድ ያላቸው ሰዎች የጸና ፓስፖርታቸውን ይዘው በሌሎቹ የሸንገን ስምምነት አገሮች በ180 ቀን ውስጥ እስከ 90 ቀን ሊጐበኙ ይችላሉ፤ ስዊዘርላንድና ስሎቬንያም በስምምነቱ ውስጥ ናቸው። ከአዲስ አበባ የሚነሡ ሙሽሮች ግን ብዙ ቀን የሚቈዩበትን አገር ቪዛ ማመልከት አለባቸው። ማመልከቻው ከጉዞው በፊት ከ6 ወር ጀምሮ፥ ቢዘገይ እስከ 15 ቀን ድረስ ይቀርባል፤ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የሕክምና መድን ዋስትናም ይጠየቃል። ቪዛው ከመገኘቱ በፊት የማይመለስ ገንዘብ ለሆቴል መክፈል ጥንቃቄ የጐደለው ሥራ ነው።

የቀኑን አከፋፈል በተመለከተ፥ በተራራ አገር በበጋ ዝናብና ነጐድጓድ ብዙ ጊዜ ከቀትር በኋላ ይመጣልና፥ ወደ ላይ የሚወጣ በጧት ይውጣ፤ ከሰዓት በኋላ ወደ ሐይቁ ይመለስ። በሰኔ መጀመሪያ ከ2,000 ሜትር በላይ ያለው የእግር መንገድ ገና በረዶ ሊኖርበት ስለሚችል፥ የመንደሩን ሰው ሳይጠይቁ መውጣት አይገባም። ከስምንቱም ቀን ቢያንስ አንዱን ምንም ሳታቅዱበት ተዉት። በዚያ ቀን ዝናብ ቢዘንብ፥ በመስኮት አጠገብ ቡና አፍልታችሁ ስለ መጪው ቤታችሁ ተነጋገሩ፤ የቀድሞው ጫጉላ ቤት ሥራውን የሚሠራው ያን ጊዜ ነው።

ልጃችን ሆይ፥ ወደ ጥያቄሽ እንመለስ። በብሌድ ደሴት ከታንኳው ማረፊያ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ 99 ደረጃዎች አሉ። በአገሩ ልማድ በዚያ የሚያገባ ሙሽራ ሙሽራይቱን ተሸክሞ ደረጃውን ሁሉ ይወጣል፤ እርስዋም እስኪደርሱ ድረስ ዝም ማለት አለባት ይባላል። ለጨዋታ ደስ የሚያሰኝ ልማድ ነው። በትዳር መንገድ ግን ደረጃው ከ99 ይበዛል፤ አንዱ ብቻውን ሌላውን ተሸክሞ፥ ሌላውም ዝም ብሎ የሚወጣበት አይደለም። ሁለቱም በእግራቸው እየሄዱ፥ «እዚህ ጋ እንረፍ» እየተባባሉ የሚወጡት ነው።

ስለዚህ አንድ ማታ ከእጮኛሽ ጋራ ተቀመጪና አስቀድመሽ ስለ ድካሙ አመስግኚው፤ ዝርዝሩን ያዘጋጀው አንቺን ደስ ሊያሰኝ ነውና። ከዚያም እርሱ ከሁሉ አስበልጦ የሚወደውን አንድ ነገር ይንገርሽ፤ አንቺም አንድ ንገሪው። ሁለቱን የሚያስማማውን ስፍራ ምረጡ። ባይስማሙ ዘንድሮ የአንዱን፥ በመጀመሪያው የጋብቻችሁ መታሰቢያ ደግሞ የሌላውን አድርጉ፤ ማን ይቅደም የሚለውንም አንዳችሁ ለሌላው በመተው ወስኑ። ስለ ብድሩ ግን አታመንቺ፤ በለዘበ ቃል፥ ነገር ግን በግልጥ፥ «አቅማችን የሚፈቅደውን እንሂድ» በዪው። እርሱም የቤት ራስ ለመሆን የሚዘጋጅ ሰው እንደ መሆኑ፥ በእውነት የተነገረውን የእጮኛውን ቃል እንደ ንቀት ሳይሆን እንደ ረድኤት ይቀበለው።

በቃና ዘገሊላ በሠርግ ቤት ተገኝቶ የጐደለውን የሞላ አምላክ፥ የእናንተንም ጐጆ ይባርክ፤ መውጣታችሁንም መግባታችሁንም ይጠብቅ።